ሌተርሄዱ ላይ ያለው ስልክ ይሠራል?

የድርጅት ሌተርሄድ፣ ማለትም ስምና አድራሻ የታተመበት የደብዳቤ ወረቀት፣ ሲሠራ ጭቅጭቁ ሁሉ ሎጎው ላይ ነው። ቀለሙ ይድመቅ፣ ይፍዘዝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይሳብ። በዚህ ሳምንታት ያልፋሉ። የመጨረሻው ቀን ላይ ዲዛይነሩ «በሉ አድራሻውን ላኩልኝ» ይላል። ጸሐፊዋ የድሮውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክለታለች። እሱም እንዳለ ገልብጦ ግርጌው ላይ በደቃቁ ይደረድረዋል። በቃ፣ ይታተማል።

ሎጎ ላይ ግን ማንም አይደውልም። ሰው የሚደውለው፣ የሚመጣው፣ መልስ የሚልከው በዚያ በደቃቁ መስመር ነው።

ያንን መስመር የሚጠቀሙበት ሰዎች አራት ዓይነት ናቸው። አንዱ ስልክ አንስቶ የሚደውል ነው። ሌላው ፖስታ ይዞ በእግሩ ወይም በሞተር የሚመጣ ነው። ሦስተኛው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ደብዳቤያችሁን የሚመዘግብ ነው። አራተኛው ውጭ አገር ያለ አቅራቢ ወይም ባንክ ነው፤ እሱ ቂርቆስ ይሁን ቄራ አይገባውም። እያንዳንዱ መስመር ሲጻፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል። ይህን የሚጠቀም ሰው ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ይሠራበታል ወይ? እስቲ በዚህ እንሂድ።

ያቺ ዜሮ

ከስልክ እንጀምር፤ ብዙ ጥፋት ያለው እዚያ ነው።

ከአገር ውስጥ ሲደወል ቁጥራችን መነሻዋን ዜሮ ጨምሮ 10 አሃዝ ነው። የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ በ011 ይጀምርና 7 አሃዝ ይከተለዋል። ሞባይል በ09 ይጀምራል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምርም አለ። ከውጭ ሲደወል መነሻዋ ዜሮ ትወድቃለች፤ በቦታዋ +251 ይገባል።

ጣጣው ያለው እዚያች ዜሮ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ የሚዞር ቢዝነስ ካርድ ሰብስባችሁ እዩ። አንዱ «+251 (0)11» ይላል። ሌላው ጭራሽ ቅንፉንም ትቶ «+251 011» ብሎታል። ጻፊው ያሰበው ጥሩ ነው፤ የአገር ውስጡም የውጪውም ሰው እንዲጠቀምበት ብሎ ነው። ዱባይ ያለው አቅራቢ ግን ያየውን ቁጥር እንዳለ ይነካና መስመሩ እምቢ ይለዋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለ ቁጥር አጻጻፍ ያወጣው ኢ.123 የሚባል ምክረ ሐሳብ አለው። በዚያ መሠረት ዓለም አቀፍ ቁጥር ላይ ቅንፍ አይገባም። የመደመር ምልክት፣ የአገሩ ቁጥር፣ ቀሪው ቁጥር፤ በመሀላቸው ባዶ ቦታ። አለቀ።

አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ምረጡ ከተባልኩ +251ን እመርጣለሁ። እዚሁ ሆኖ በሞባይሉ የሚደውል ሰውም በ+251 ያገኛችኋል። ደንበኞቹ በሙሉ የሰፈር ሰዎች የሆኑለት ሱቅ ግን 09 ብሎ ቢጽፍ ማንም አይወቅሰውም። የማይሆነው ሁለቱን ማደባለቅ ነው።

ቁጥሩን እንዴት እንከፋፍለው? ከዚህ በታች ያሉት ዜሮዎች ለምሳሌ ብቻ ናቸው። 0900000000 ተብሎ ተጣብቆ ሲጻፍ ዓይን ይጠፋበታል። እኛ ደግሞ የስልክ ቁጥር የምንናገረው ጥንድ ጥንድ አድርገን ነው። «ዜሮ ዘጠኝ አስራ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ አርባ አምስት» እያልን። ስለዚህ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት አድርጎ መክፈል ለጆሯችን ይስማማል፤ 0900 00 00 00። ከ+251 ጋር ሲሆን +251 900 00 00 00 ይሆናል። አንዳንድ ዲዛይነር ሦስት ሦስት አድርጎ ይከፍለዋል። ለዓይን ያምራል። ጸሐፊዋ ግን በስልክ ለሌላ ሰው ስታነበው ትደናቀፋለች። መሀሉን በሰረዝ መለየትም ያስኬዳል። ነጥብ ግን አልወድም፤ ደቃቅ ህትመት ላይ ትጠፋለች።

መደበኛ ስልክ ላይ አንድ የቆየ ቅሪት አለ። ዕድሜ ያላቸው ድርጅቶች 011-5-00 00 00 እያሉ መሀል ላይ አንዷን አሃዝ ለብቻዋ ያቆሟታል። እስከ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የአዲስ አበባ ስልክ 6 አሃዝ ነበር፤ መግቢያውም 01። የስልክ ቁጥሮች ሲሰፉ 01 ወደ 011 ተቀየረ፤ ከድሮው ቁጥር ፊትም አንድ አሃዝ ተጨመረ። ሰው የለመደውን ቁጥር እንዳያጣው አዲሷን አሃዝ ለይቶ ጻፋት። ሃያ ዓመት አለፈ፣ እሷ አሁንም ለብቻዋ ቆማለች። ዛሬ አዲስ ወረቀት የሚያሳትም ሰው ይህን የሚሸከምበት ምክንያት የለም። 0115 00 00 00 ብሎ እንደ ሞባይሉ መጻፍ ይበቃል። ለውጭ ሰው +251 11 500 00 00።

«0115 00 00 00/01/02» የሚለውስ? ወረቀት ላይ ችግር የለውም፤ እኛ ተከታታይ መስመር መሆኑ ይገባናል። ግን አሁን ደብዳቤ የሚሄደው በአብዛኛው በፒዲኤፍ ሆኖ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ነው። ተቀባዩ ቁጥሩን በጣቱ ሲነካው ስልኩ ያንን የተቆራረጠ ነገር አይረዳውም። አንድ የሚነሳ ቁጥር ሙሉውን ጻፉ። ሁለተኛ ካስፈለገ እሱንም ሙሉውን። አራት ቁጥር መደርደር ትልቅ ድርጅት አያስመስልም፤ ደዋዩን «የትኛው ነው የሚነሳው?» ያሰኘዋል እንጂ።

አንድ ከአጻጻፍ በፊት የሚመጣ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሞባይል የማነው? ሥራ አስኪያጁ በግል ስሙ ያወጣው ሲም ከሆነ፣ ሲለቅ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። እናንተ ዘንድ ሪም ሙሉ ወረቀት ይቀራል። በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ይሁን። ቴሌግራሙም በእሱ ላይ ይከፈት።

ፋክስ? የሚጠቀምበት ደንበኛ ካላችሁ ይቆይ። ማሽኑ ከተነቀለ ግን መስመሩም ይውጣ። መስመሩ የቀረው ከድሮው ወረቀት ስለተገለበጠ ብቻ ነው።

የት ናችሁ?

አዲስ አበባ መሀል ላይ ያለ ቢሮ ሦስት አድራሻ አለው። ብዙ ወረቀት ላይ ሦስቱ ተቀላቅለው አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። ተለይተው ቢጻፉ ግን እያንዳንዱ ሥራውን ይሠራል።

የመጀመሪያው ሕጋዊው ነው፤ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ይኸው ነው። ውል የሚዋዋል፣ ክስ የሚመሠርት፣ ጨረታ የሚያወዳድር የሚፈልገው እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ከፈቃዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዛሬም «ቀበሌ» የሚል ሌተርሄድ አያለሁ፤ ወረዳ ከሆነ ስንት ዘመኑ። ለሚ ኩራ ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቹ 11 ከሆኑ በኋላም ሳይነቃነቁ የክፍለ ከተማ ስማቸው የተቀየረባቸው ቢሮዎች አሉ። አንዳንዱ ግን እስካሁን «ቦሌ» ወይም «የካ» እያለ ነው።

በቤት ቁጥር የሚመጣ እንግዳ ግን የለም። ስለዚህ ሁለተኛው አድራሻ የሰፈሩ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እንግዳ የሚጠፋው በዚህኛው ነው።

መንገዶቻችን ስም አላቸው። ማንም አይጠራቸውም እንጂ። ስታዲየም ጎን የሚያልፈው ራስ መኮንን ጎዳና ይባላል። የታክሲ ረዳት «ራስ መኮንን» ብትሉት ግን ፒያሳ፣ ድልድዩ ጋ ሊያወርዳችሁ ይችላል። ቸርችል ጎዳና ከዕድለኞቹ አንዱ ነው፤ ሰው ይጠራዋል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የጎዳናው ስም ብቻውን ሰው አያደርስም። የሚያደርሰው የሰፈሩ ስም ነው። ከዚያ አንድ ምልክት፣ ከዚያ ሕንፃው፣ ፎቁ፣ የቢሮው ቁጥር። ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ሰው መንገድ ሲጠይቅም እንዲሁ ነው የሚጠይቀው።

ምልክቱ ምን ይሁን? ካፌ አይሁን። ካፌ ስሙን ይቀይራል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ቦታ ይከፈታል። የባንክ ቅርንጫፍም ይዛወራል። የቆየ ምልክት ፈልጉ፤ ብሔራዊ ቴአትር፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ዋናው ፖስታ ቤት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። የብዙ ቢሮዎች «ፊት ለፊት» ፈርሷል። ቢሮው አለ፣ ምልክቱ የለም። ወይም ምልክቱ አለ፣ ቢሮው ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ወረቀታችሁን አንስታችሁ ካላያችሁት ዛሬ እዩት።

አቅጣጫ ላይም ቁጥብ ሁኑ። «ፊት ለፊት» እና «አጠገብ» ከየትም ለሚመጣ ሰው ይሠራሉ። «ገባ ብሎ» ግን ወዴት? ስንት? «ዝቅ ብሎ» የሚለው ቁልቁለቱን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። «ወደ ቀኝ» ደግሞ ከየት እንደመጣህ ካልታወቀ ትርጉም የለውም። «ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሜክሲኮ ሲሄዱ፣ በስተቀኝ» ቢባል ሰው ይንቀሳቀሳል።

ፎቅ ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለች። አንዱ ሕንፃ ከምድር ቤት በላይ ያለውን አንደኛ ይለዋል። ሌላው መሀሉ ላይ ሜዛኒን የሚባል ግማሽ ፎቅ አስገብቶ ቆጠራውን ይገፋዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሊፍቱ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ቢሯችሁ ስትወጡ የምትነኩት ቁልፍ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። መልእክተኛውም የሚነካው እሱን ነው። የቢሮ ቁጥሩም ይጨመር። በሩ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ከሌለ ግን አትጻፉት፤ ሰው በሌለ ቁጥር ኮሪደር ለኮሪደር ይዞራል።

ሦስተኛው የፖስታ ሣጥን ነው። «አሁን ማን ፖስታ ይልካል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቀንሷል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የደብዳቤ ዋና መዳረሻው ሣጥን ነው፤ ቤት ለቤት ማደል እንደ ውጭው አገር አልተለመደም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሰነድ፣ መጽሔት፣ የኤምባሲ ደብዳቤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይፈልጋል። ሌላም ጥቅም አለው። ቢሮ ከሜክሲኮ ወደ ቦሌ ሲዛወር ስልኩ ሊቀየር ይችላል፣ ወረዳው ይቀየራል፣ ሣጥኑ ግን ካልተመለሰ እዚያው ነው። መስመሩ አጭር ነው፤ ፖ.ሣ.ቁ. ብሎ ቁጥሩን ማስከተል። ሣጥኑ ያለበት ፖስታ ቤት ዋናው ካልሆነ ቅርንጫፉም ይጠቀስ። የውጭ አገር ፎርም ዚፕ ኮድ ካልሞላችሁ አላሳልፍ ሲል ደግሞ የአዲስ አበባ መለያ 1000 ነው። ወረቀት ላይ የግድ መታተም የለበትም።

በእንግሊዝኛው በኩል ስለሚጻፈው አድራሻ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንባቢው ፈረንጅ ነው፤ ፖስታውን ይዞ የሚመጣው ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስለዚህ የሰፈርና የሕንፃ ስም እንደ አጠራሩ ይጻፍ። ቂርቆስን አንዱ ቦታ በ«ኬ»፣ ሌላ ቦታ በ«ኪው» መጻፍም ይቅር። አንዱን መርጣችሁ ካርዱም፣ ፖስታውም፣ ድረ ገጹም ላይ እሱን ተጠቀሙ።

ወረቀቱ መዝገብ ቤት ሲደርስ

የእኛ ሌተርሄድ የተለመደ መልክ አለው። ሎጎ መሀል፣ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ። ከሥር በስተቀኝ «ቁጥር» እና «ቀን» ከነመስመራቸው። ግርጌው ላይ አድራሻ፤ አንዳንዴም «መልስ ሲሰጡን የእኛን ቁጥር ይጥቀሱ» የምትል ማሳሰቢያ። ይህች ማሳሰቢያ ለጌጥ የገባች ትመስላለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን መልሱን ከደብዳቤያችሁ ጋር የምታገናኘው በዚያ ቁጥር ነው። ትቆይ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። 12/01/2018 ብላችሁ ለውጭ ድርጅት ብትልኩ፣ እናንተ መስከረም 12 ማለታችሁ ነው። እሱ ግን ከዓመታት በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ ብሎ ይደነግጣል። ለውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ላይ ወሩ በፊደል ይጻፍ፤ በእነሱ አቆጣጠር። ለዚህ ሲባል «ዓ.ም.» የሚለውን ቀድሞ አለማሳተም ይሻላል፤ ደብዳቤው ሲጻፍ አብሮ ይጻፋል።

አሁን ደብዳቤያችሁ አንድ መሥሪያ ቤት ደረሰ እንበል። የመጀመሪያው ነገር ገቢ የሚል ማህተም ይመታበታል። የት? ባዶ ቦታ ባለበት። አናቱ ላይ ባዶ ቦታ ካልተዋችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ወይም የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይመታል። ከዚያ አለቃው ዳር ላይ በእስክሪብቶ ይመራበታል። ከዚያ በግራ በኩል ይበሳና ፋይል ውስጥ ይገባል። በተለመደው የወረቀት መብሻ ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብለው፣ በመሀላቸው 80 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ነው የሚያርፉት። ዘመናዊ ለማስመሰል አድራሻውን በግራ ጠርዝ ወደ ላይ የሚያቆም ዲዛይን አለ። ቆንጆ ነው፤ እስኪበሳ ድረስ። የስልኩ ሦስት አሃዝ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ኮፒው ደግሞ ሌላ ኮፒ ይወልዳል። በቀጭን ግራጫ ወይም በወርቃማ ቀለም የተጻፈ አድራሻ ሁለተኛው ኮፒ ላይ የለም። ሎጎው እንዳሻው ያብረቅርቅ፤ አድራሻው በጥቁር ወይም በጠቆረ ቀለም ይሁን። መሀል ወረቀቱ ላይ ፈዘዝ ብሎ የሚታተመው ትልቅ ሎጎም ኮፒ ላይ ይጠቁርና ጽሑፉን ያጨናንቃል። እኔ ብሆን አልጨምረውም።

የኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ግርጌው ላይ ለአድራሻ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ከጠርዙ ግን በጣም አትጠጉ። ሌተርሄዱን ራሳችሁ የምታትሙት ከሆነ የቢሮ ፕሪንተር እስከ ጠርዝ አያትምም፤ የመጨረሻው መስመር ተቆርጦ ይወጣል።

ፊደሉ

ግዕዝ ፊደል ከላቲን የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። «ዐ» እና «ፀ»፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚለዩት በትንሽ መስመር ነው። እንግሊዝኛው በ6 ነጥብ ሊነበብ ይችላል፤ አማርኛው በ6 ነጥብ ጭጋግ ነው። ከ8 አትውረዱ። ሁለቱ እኩል እንዲታዩ ከፈለጋችሁ አማርኛውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ፣ «ስልክ» እና «ኢሜይል» የሚሉትን መጠሪያዎች ደመቅ አድርጎ ቁጥሩን ቀጭን መተው ዓይን ያሳርፋል።

ቁጥሮችን ሁለት ጊዜ አትጻፉ። ስልኩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ነው። በሁለት ቋንቋ መጻፍ ያለበት ስምና ቦታ ብቻ ነው። ቁጥሩ፣ ኢሜይሉና ድረ ገጹ መሀል ላይ አንድ ጊዜ ይቀመጡ። እንዲህ ሲሆን የግርጌው ጭንቅንቅ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለፊደሉም ቦታ ይገኛል። ባህላዊ እንዲመስል ብሎ ስልኩን በግዕዝ ቁጥር ለመጻፍ ያሰበ ካለ ደግሞ ይተወው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ስልካችን ደግሞ የሚጀምረው በዜሮ ነው።

ስለ ፎንት አንድ የቴክኒክ ነገር። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል አደራደር ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አደራደር ነበራቸው። በእነሱ የተጻፈ የድሮ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ቡራቡሬ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የድሮውን ሌተርሄድ ከማደስ በዩኒኮድ እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል። ማተሚያ ቤት ፋይሉን በከርቭ ይፈልገዋል፤ ፊደሉ ወደ ሥዕል ይቀየርና ፎንት አይበላሽም። ጥሩ። ግን የሚታረመውን ፋይልም ተቀበሉ። አለበለዚያ አንድ ቁጥር ለመቀየር መልሳችሁ ዲዛይነሩን መለመን ነው።

ኢሜይል ላይ ብዙ አልቆይም። ጂሜይል መጠቀም ወንጀል አይደለም። በድርጅቱ ዶሜይን የተከፈተ ግን ሰው ሲለቅ ለሚተካው ይተላለፋል። ሲታተም ከሥሩ መስመር አታስምሩበት፤ አድራሻው ውስጥ የታች ሰረዝ ካለ ይሸፈናል። ዶሜይኑ በየዓመቱ እንደሚታደስም አትርሱ። ወረቀቱ ታትሞ ክፍያው ሲረሳ፣ የሚላክላችሁ ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ኪው አር ኮድ የምትጨምሩ ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ዙሪያው ባዶ ይተው። ሙሉ አድራሻውን ውስጡ ከመጠቅጠቅ አንድ አጭር የድረ ገጽ አድራሻ አስገቡ። ነጥቦቹ ይሳሳሉ፣ ካሜራም ቶሎ ያነበዋል። ካርታውን፣ የሰፈሩን ምልክት፣ የሚቀያየረውን ሁሉ እዚያ ገጽ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ቢሮ ሲዛወር የሚቀየረው ገጹ ነው።

ሕጉ የሚነካው

የድርጅቱ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ፊደል በፊደል። ፈቃዱ ላይ «ሠላም» ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ሰላም» አይሁን። እኛ ብናልፈው የባንክ ሠራተኛ አያልፈውም። የማህበሩ ዓይነትም አብሮ ይምጣ፤ ኃ.የተ.የግ.ማ. ወይም አ.ማ.። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመው ባለ አንድ አባል ማህበርም መጥቷል። እንዲህ ከሆናችሁ ስሙ ላይ ይታይ፤ ከእናንተ ጋር የሚዋዋል ሰው ማወቅ ይፈልጋል።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ 10 አሃዝ ነው። ጨረታ የሚወዳደር ድርጅት ግርጌው ላይ ቢያሳትመው ይጠቅመዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን ሌተርሄድ ላይ አይቀመጥ፤ ዋጋ ማቅረቢያው ወይም ማስከፈያው ላይ ይጻፍ። ሌተርሄድ የትም ይደርሳል፣ ማን እጅ እንደሚገባም አይታወቅም።

ደረሰኝን ከዚህ ለዩት። ደረሰኝ የሚታተመው በግብር ሰብሳቢው ፈቃድ ነው። በላዩ ላይ ያለ ስም፣ አድራሻና መለያ ቁጥርም የዲዛይነር ምርጫ አይደለም። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት አድራሻ ሲቀየር በ30 ቀን ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ወረቀት ያሳትማል፣ ከዚያ ያሳውቃል። ቅደም ተከተሉን አዙሩት። አንዳንዴ ፈቃዱ ሲታደስ የወረዳው ወይም የቤት ቁጥሩ አጻጻፍ እናንተ ካሰባችሁት ይለያል። ያኔ የታተመው ሁሉ ይበላሻል።

ክብ ማህተም ላይ ደግሞ ስልክ አታስቀርጹ። ስልክ ይቀየራል። ማህተም ማስቀየር ወረቀት ከማሳተም የባሰ ጣጣ አለው፤ ባንክ ዘንድ ያለው ናሙናም አብሮ ይቀየራል። የድርጅቱ ስምና ከተማው ይበቃል። ቲተሩም፣ የፈራሚው የስም ማህተም፣ ላይ ስምና ኃላፊነት።

ከመታተሙ በፊት

ማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲያሳያችሁ ስክሪን ላይ አትዩት፤ በወረቀት አስወጡት። ከዚያ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ በስልካችሁ ደውሉ። ከማስታወሻችሁ አይደለም፣ ከወረቀቱ። ኢሜይሉንም እንዲሁ፤ ከወረቀቱ እያያችሁ ጽፋችሁ አንድ መልእክት ላኩ። የሰፈሩን አድራሻ ደግሞ ቢሯችሁን ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ ሳይደውል ከደረሰ አልፏል። መሀል መንገድ ላይ ከደወለ ምን ብሎ እንደጠየቀ ያዙ። ወረቀቱ ላይ የጎደለው እሱ ነው።

ስንት ይታተም? ኦፍሴት ብዙ ሲታተም ነው የሚረክሰው። አንድ ሪም 500 ነው፤ ሰው ዋጋው ያጓጓውና አሥር ሪም ያዝዛል። የኪራይ ውላችሁ በዚህ ዓመት የሚያልቅ ከሆነ ወይም ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል የሚል ወሬ ካለ፣ በዲጂታል ጥቂት አሳትሙ። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፤ አራት ሺህ ወረቀት ከመጣል ግን ይሻላል። ካርድ ላይም ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ትንሽ፣ ሲረጋጋ ብዙ።

አድራሻ ተቀይሮ የድሮው ወረቀት ከተረፈ በእስክሪብቶ ሰርዞ መላክ አያምርም፤ ባንክና ኤምባሲ ደግሞ ስርዝ ድልዝ አይወዱም። ለውስጥ ማስታወሻና ለረቂቅ ይዋል። አሮጌው ፋይል ግን ከጸሐፊዋም ከዲዛይነሩም ኮምፒውተር ላይ ይሰረዝ። ካልሆነ ዓመት ቆይቶ ቸኩሎ የመጣ ሰው እሱኑ ከፍቶ ያሳትመዋል።